ጿሚውን ሞጣ የማያደርስ ጨዋታ

ፈንታነሽ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቤቷም ቢቸና፣ ከገበያው በላይ ነው። ዘመኑ የደርግ ነውና፣ ልጆቼ፣ ያን ዕለት ጠዋት ከቀበሌ ሱቅ ለስኳር ተሰልፋ፣ ከሰዓት በኋላ በመሠረተ ትምህርት ጎረቤቶቿን ፊደል ስታስቆጥር ውላ፣ ወገቧ ቁርጥ ብሎ ነው የገባችው።

ጓደኛዋ አመተ ሥላሴ በር ላይ ትጠብቃታለች። ቁጥር የተጻፈባቸው ቁራጭ ካርቶኖች ይዛለች። ራሷ የፈጠረችው የመጀመሪያ ጨዋታ ነው፤ ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ታሪክ። አንባቢው በየካርቶኑ አንድ ነገር ይመርጣል፤ ምርጫውም ወደ ሌላ ካርቶን ይመራዋል።

"ፈንቴ፣ ፈትሺልኝ። የኔታ ከወደዱት ለሞጣ ልጆች ይዤው እሄዳለሁ። አክስቴንም አያታለሁ፤ እንዴት እንደናፈቀችኝ።"

ፈንታነሽ ዓይኗ እየተከደነ ጀመረች። መንገደኛው ረቡዕ ቀን ከሰው ቤት ገባ፤ ወተት አቀረቡለት። ይጠጣል ወይስ አይጠጣም? እሷ እንደሆነ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

"ይጠጣ፣ ምን ቸገረው" አለች። ወዲያው በጨዋታው ሞጣ ደረሰች። ሌላውን መንገድ መሞከር ታከታት።

"ምንም አይወጣለትም" ብላ ካርቶኖቹን መለሰችላትና ጋደም አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምህራቸው የኔታ ሣህለ ማርያም ጨዋታውን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በተማሪዎቻቸው ፊት ጀመሩ።

"ረቡዕ ጾም ነው፤ አይጠጣም" አሉ። ካርቶኑ ወደ መጀመሪያው መለሳቸው። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም መለሳቸው። "አመተ ሥላሴ፣ ሞጣ የሚገባው ጾም የሻረ ብቻ ነው እንዴ?"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አመተ ሥላሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ካርቶኖቿን መሰብሰብ ጀመረች።

ፈንታነሽ ከልጆቹ መካከል ተቀምጣለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሰውነቷ ዛሬም ዝሏል፤ መቆሙ ራሱ ከብዷታል። ግን ተነሣች።

"የኔታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ፈትሺልኝ ብትለኝ በአንዱ መንገድ ብቻ ሄጄ አሞገስኩላት። እሱም ወተቱን የጠጣሁበት ነው።"

የኔታ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። "ደክሞሽ ነበር?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"እንግዲያ 'ዛሬ ደክሞኛል' ማለት ነበረብሽ፣ ልጄ።"

ከዚያ ሁለቱ ጓደኛሞች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አመተ ሥላሴ አኩርፋለች። ፈንታነሽ በየመንገዱ እስከ መጨረሻው ሄደች፤ ሌላም ስሕተት አግኝታ ሳትደብቅ ነገረቻት። አመተ ሥላሴም እንዳኮረፈች ሁለቱንም አረመች።

የኔታ ወደዱት። አመተ ሥላሴ ወደ ሞጣ የምትሄድ ዕለት፣ ከአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብላ፣ "የሚቀጥለውንም የምትፈትሺልኝ አንቺ ነሽ" አለቻት። "ሲደክምሽ ግን ንገሪኝ።"

ልጆቼ፣ ጓደኛችሁ ሥራውን እዩልኝ ሲላችሁ፣ ሳታዩ ከማሞገስ አይታችሁ እውነቱን መንገር ነው ፍቅር።