ያ «እህ!» የማን ነው?

የበደለኝ ሰው ሱራፌል ይባላል። ከግድግዳዬ ማዶ ይኖራል፤ ጸጉሩ እንደ ጎፈር የቆመ ጎረምሳ ነው። የኔን ነገር ሳይጠይቀኝ ወሰደ!

እኔ እታፈራሁ ነኝ። ፊደል ብዙም አልቆጠርኩ፤ ጆሮዬን ግን የሚያህለው የለም።

አንድ ቀን በርበሬ እወቅጣለሁ። ዱቅ! እህ! ዱቅ! እህ!

«ዱቅ» የሚለው ሙቀጫው ነው። «እህ» የምለው እኔ ነኝ፤ እንዲያ ካላልኩ ዘነዘናው ይከብደኛል።

ከግድግዳው ማዶ ከበሮ ተመታ። ድም! ድም! ታ!

ቀጥሎ ክራር መጣ። ድንግ! ድንግ! ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ፣ ቀጥሎ ወፍራም ድምፅ ዘፈነ።

«ስንት ሰው ነው የገባው?» ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ያለው ጫማ ግን አንድ ጥንድ ነው!

ሌላ ቀንም ድም! ድም! ታ! ድንግ! ድንግ! ሮጬ ወጣሁ። ጫማው አንድ ጥንድ ነው!

«ሌሎቹ በባዶ እግራቸው ነው እንዴ የመጡት?»

አላስችል አለኝ። በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ።

ሱራፌል ብቻውን ነው! ግድግዳው ላይ ፍራሽ አቁሟል። ከበሮውን ይመታና ወደ ኮምፒውተሩ ይሮጣል። ክራሩን ይመታና ወደ ኮምፒውተሩ ይሮጣል።

ኮምፒውተሩ ሁሉንም ደራርቦ አሰማ። ለካ አንድ ሰው ብቻውን ሠርግ ቤት ያህል ይጮኻል!

ዘፈኑ ግን እንቅልፍ ያመጣል። ሱራፌል አገጩን ይዞ «ምን ጎደለው?» አለ።

እኔ ምን አገባኝ! ወደ በርበሬዬ ተመለስኩ። ዱቅ! እህ! ዱቅ! እህ!

ማዶ ጭጭ አለ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዘፈኑ ወጣ። በታክሲው፣ በሱቁ፣ በጸጉር ቤቱ እሱ ብቻ ሆነ። ድም! ድም! ታ! ዱቅ! እህ!

የሰፈር ልጆች ገመድ ሲዘሉ «እህ!» ዳቦ ሻጩ ዳቦ ሲያቀብል «እህ!»

«ይህን እህ የት ነው የማውቀው?» ብዬ አሰብኩ፣ አሰብኩ። እንዴ! የኔ ነው!

በሬዲዮ ሱራፌልን «ማን አገዘህ?» ብለው ጠየቁት።

«ማንም። ብቻዬን ነው የሠራሁት» አለ።

ብቻዬን?! ቤቱ እስኪገባ ጠብቄ በሩን ኳ! ኳ! ኳ!

«አንተ! ያ እህ ከየት መጣ?»

አንገቱን ደፋ። «ከእርስዎ ነው፣ እማማ። ድምፅ የሚከለክለውን ፍራሽ አነሣሁና ማይኩን ግድግዳው ላይ አስጠጋሁት። የእርስዎ እህ ሲገባበት ዘፈኑ ከእንቅልፉ ነቃ።»

«ታዲያ አፍ የለህም? አትጠይቀኝም?»

«እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እልህ ነበራ! መጀመሪያ እምቢ፣ ቀጥሎ እሺ!»

ሱራፌል ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።»

«እታፈራሁ ድልነሳ። እንዳታሳጥረው!»

የዚያኑ ቀን በሬዲዮ «ተሳስቻለሁ። ብቻዬን አልሠራሁትም» አለ። «እህ ያሉት ወይዘሮ እታፈራሁ ድልነሳ ናቸው።»

ልቤ ዘለለች። ፊቴን ግን ኮስተር አደረግሁ፤ ቶሎ ይቅር ልለው ነው እንዴ?

በነጋታው ጠዋት ታክሲ ተሳፈርኩ። የምሄድበት እንኳ አልነበረኝም።

ዘፈኑ መጣ። ተሳፋሪው ሁሉ «እህ!» አለ።

ዞር አልኩና «እንዲያ አይደለም! ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ነው። እኔን እዩ!» አልኳቸው።

እህ!