ግራ የገባት ጀልባ

ጠጋ በሉ ልጆች፣ ጠጋ በሉ! ዛሬ ጃፓን አገር ባሕሩ ተቆጥቷል።

ቧ! ቧ! ማዕበሉ ድንጋዩን ይመታል። ነፋሱም የሰዉን ባርኔጣ ነጥቆ ሊሄድ ይታገላል።

ትንሿ ልጅ ሚዙኪ ግን እግሯ መሬት አልያዘም፤ በደስታ ትዘላለች! ዛሬ የትንንሽ ጀልባዎች ውድድር ነው።

የሚዙኪ ጀልባ ቢጫ ናት። ድመት ብታክል ነው። ሰው አይሳፈርባትም፤ ሚዙኪ ዳር ቆማ በሪሞት ትነዳታለች።

«ካፒቴን የላትም እንዴ?» አሉ አያቷ። ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ የእንጨት እንቁራሪት አወጡ።

አያቷ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ይህች እንቁራሪት በስንቱ ማዕበል አብራቸው ሄዳ፣ አብራቸው ተመልሳለች።

«በእኛ ቋንቋ እንቁራሪት ምን ትባላለች?»

«ካኤሩ!» አለች ሚዙኪ።

«ወደ ቤት መመለስስ?»

«እሱም ካኤሩ!» ሚዙኪ ሳቀች።

«በይ እንግዲህ፣ ካኤሩዬን መልሺልኝ» አሉና እንቁራሪቷን ጀልባዋ ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሯት።

ሚዙኪ ማዕበሉን አየች። ካኤሩ ብትሰምጥስ?

ፊጢጢጢ! ፊሽካው ተነፋ። ቭርርርር! ጀልባዎቹ ተፈተለኩ።

ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ አንድ ቀይ ኳስ ውሃው ላይ ይዋልላል። እሱን ዞሮ መመለስ ነው ጨዋታው።

ማዕበል መጣ። ሆፕ! ቢጫዋ ጀልባ ዘለለችው። ሌላ መጣ። ሆፕ! አንዲት አረንጓዴ ጀልባ ግን ግልብጥ አለች።

«ግራ!» አለች ሚዙኪ። ሪሞቱን ስትጫን ጀልባዋ ወደ ግራ። «ቀኝ!» አለች። ጀልባዋ ወደ ቀኝ። መሄድ እንዴት ቀላል ነው!

ቀዩን ኳስ ዞረችው! አሁን ጀልባዋ ፊቷን ወደ ሚዙኪ አዙራ እየመጣች ነው።

ወይኔ! በሚዙኪ ግራ በኩል ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ።

«ቀኝ!» አለች ሚዙኪ። ጀልባዋ ግን ወደ ግራ፣ ወደ ድንጋዩ!

«ቀኝ! ቀኝ!» ጀልባዋ ግራ፣ ግራ! ሚዙኪ ግራ ገባት።

«ተበላሸች! አያቴ፣ ሪሞቱን ይያዙልኝ!»

አያቷ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። «ጀልባዋ ምንም አልሆነችም። ካኤሩ ወዴት ነው የምታየው?»

«ወደ እኛ!»

«አንቺስ?»

«እኔ ወደ ባሕሩ... አሃ! የእሷ ቀኝ የእኔ ግራ ነው!»

ሚዙኪ እመር ብላ ዞረች። ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ፣ አንገቷን ጠምዝዛ በትከሻዋ በኩል ታያለች። አሁን እሷና ካኤሩ ፊታቸው ወደ አንድ ወገን ነው።

«ይቺ ልጅ ውድድሩን ትታ ቤቷ ልትሄድ ነው እንዴ?» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ድንጋዩ አሁን በቀኟ ነው። «ግራ!» አለች ሚዙኪ። ጀልባዋም ወደ ግራ! ድንጋዩን ለጥቂት አመለጠችው።

«ካኤሩ! ካኤሩ!» ጮኹ አያቷ። «ካኤሩ! ካኤሩ!» ጮኸ ሲስቅ የነበረው ሰው ሁሉ።

ሰማያዊዋ ጀልባ አንደኛ ገባች። ነጯ ሁለተኛ። ቢጫዋ ሦስተኛ ገባች፤ ካፒቴኗም ከአፍንጫዋ ውሃ እየተንጠባጠበ ቁጭ ብላለች!

አያቷ እንቁራሪቷን በመዳፋቸው ያዟት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «መለስሽልኝ» አሉ። «ከእንግዲህ ካፒቴንሽ ናት።»

ማታ ሚዙኪ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ካኤሩም ትራሷ አጠገብ ተኛች።

አያቷ ብርድ ልብስ እያለበሷት «እስቲ ግራ እጅሽ የቱ ነው?» አሏት።

ሚዙኪ አዛጋች። «ስሄድ ነው ስመለስ?»

አያቷ ከት ብለው ሳቁ። «አሁንማ ተመልሰሻል የኔ ካኤሩ» አሏትና ግንባሯን ስመው መብራቱን አጠፉ።