ዘርፌ ወኪሏን ያቆመች ዕለት

ዘርፌ ያን ጠዋት ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ ዘጠኝ ሰው ሰላም ብላ ነበር። «እንዴት አደራችሁ? ጉልበትዎን ተሻለዎት?» ያለችው ግን ወኪሏ ናት። ወኪል ማለት የሰውን ድምፅ ተምሮ በሰውየው ፈንታ ሰላምታ የሚያደርስ መተግበሪያ ነው። በአዳማው ማማ ሰባኛ ፎቅ ላይ ወኪል የሌለው ሰው እንደ ኩሩ ይቆጠራል፤ ጎረቤቱን ሰላም አይልማ።

የቀሰቀሳት መዳፏ ነው። ስልኩ እንደ ቆዳ ስስ ሆኖ መዳፍ ላይ የሚለጠፍ ነበርና፣ ሲግል እጇን ለበለባት። ባትሪው ሊያልቅ ምንም አልቀረው። እህቷ እታፈራሁ ከጎንደር የምትደውለው ደግሞ ረፋድ ላይ ነው። ዘርፌ የሌላውን ሁሉ ሰላምታ ለወኪሏ ብትተውም የእህቷን ጥሪ ራሷ ነበር የምታነሳው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቀኑን የምትገፋው በዚያች ወሬ ነው።

«ደግሞ ምን ሆነህ ነው የምትግለው?» አለችው መዳፏን። ብቻዋን ስትኖር ከእጇ ጋር ማውራት ለምዳለች።

ቅንብሩን ከፈተችና መተግበሪያዎቹን አወጣች። የአሳንሰሩ አለ፣ የውሃው አለ፣ ባሏ የጫነው ገበጣም አለ፤ ዝም ብሎ ቦታ ይዟል፣ ለመሰረዝ ግን እጇ እንቢ ብሏታል። ወኪልን ተጭና ቆየች፤ «ዝርዝር መረጃ» የሚለው ተከፈተ። ባትሪውን የጨረሰው እሱ ነው። ማይክሮፎኑን፣ የስልክ ማውጫውን፣ ድምፅዋን ሳይቀር ወስዷል፤ ሁሉንም ሳታነብ «ፍቀድ» እያለች ያሳለፈቻቸው ራሷ ናት። እንግዲህ ማን ያነባል?

ዝቅ ስትል «ያነጋገራቸው» የሚል አገኘች። የአቶ ሽብሩ ወኪል። የይርገዱ ወኪል። ለካ ወኪል ከወኪል ጋር ነው ሲሳሳቅ የሚውለው። መጨረሻ ላይ «ለራሷ ለዘርፌ የተላለፈ ጥሪ፦ የእታፈራሁ ወኪል፣ በየቀኑ» ይላል።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ትናንት ስለ ራሷ ሕመም ለእህቷ ስትነግራት «አይዞሽ የኔ እናት» ያለቻት ማን ነበረች?

«በኃይል አቁም» የሚለውን ነካች። «ካቆሙት የሌሎች ወኪሎች አያገኙዎትም» አለ ስልኩ። ጣቷ ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ ተጫነችው። መዳፏ ቀዘቀዘ። ረፋዱ መጣ፣ አለፈ፤ ማንም አልደወለም።

ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ኳኳታ ሰምታ በሩን ከፈተች። ራሱን እየነፋ የሚቆመው የእድር ድንኳን ኮሪደሩን ሞልቶታል። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። የእድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች።

«አንቺ ነሻ» አለች የግድግዳ ጎረቤቷ ይርገዱ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ወኪልሽ ዝም አለች። በሩን የሚሰብር ሰው አስጠርተን እየጠበቅን ነው።»

«አላንኳኳችሁም?»

ማንኳኳቱን ማንም አላሰበውም ነበር። የይርገዱ ፀጉር እንዲህ መሸበቱን ዘርፌ አላወቀችም ነበር።

«ድምፄ እስኪዘጋ አልቅሼልሻለሁ» አለች ይርገዱ እንደ መቀየም ብላ።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ፣ ልሙትልሽ?»

አንዱ ሳቁን በነጠላው አፈነ። አቶ ሽብሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ለቅሶ እንኳ በወኪል አይደረስም ብለን ነው ሁላችንም የወጣነው። እህትሽም ፈጣኑ ባቡር ላይ ናት። በይ፣ ደውዬ ደህና ናት ልበላትና ከመንገድ ትመለስ።»

«ወኪሏ ናት የነገረችዎት?»

«ራሷ ናት እንጂ። እያለቀሰች መናገር አቅቷት ነበር።»

አቶ ሽብሩ መዳፋቸውን ወደ ጆሯቸው አነሱ። ዘርፌ እጃቸውን ያዘች።

«ትንሽ ይቆዩ፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ባቡሩ መመለሻ የሌለው ቦታ ይድረስ።»

ይርገዱ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለችላት። ዘርፌም ከለቀስተኞቿ መካከል ተቀመጠች።