ያልተነቃነቁት አራት ጥይቶች

ትንሿ አውሮፕላን ወንዙ ላይ አርፋ ሞተሯ ሲጠፋ፣ ኦርቪል ስካግስ ከእንጨቱ መድረክ ጫፍ ቆሞ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በግራ ክንዱ የተጠቀለለ ጃኬት አቅፏል፤ ቀኝ እጁን ሱሪ ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ያ እጅ ካለፈው ክረምት ወዲህ ስለሚንቀጠቀጥ ሰው ፊት አያወጣውም።

ከአውሮፕላኗ የወረደችው ሳጅን ሎርና ሃውገን ነበረች፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ አጠር ያለች ሴት። አስከሬኑ የት እንዳለ አልጠየቀችም።

«ከትናንት ወዲህ እህል ቀምሰዋል?» አለችው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አላት። «የልጄን ባል፣ ዌይድን፣ እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ጃኬቱን ገለጠው። ውስጡ የዌይድ ሽጉጥ ነበር፤ ባለ አርባ አራት ካሊበር ሪቮልቨር፣ ተራራ ለሚወጣ ሰው እንዳይከብድ ተብሎ ከቀላል ብረት የተሠራ፣ ሲተኮስ ግን እንደ በቅሎ የሚራገጥ። ስድስት ጥይት ከሚይዘው ከበሮ ፊት አራት የእርሳስ አፍንጫዎች ሾልከው ወጥተዋል። አንደኛው ከሽጉጡ አካል ጋር ተጋጭቶ ከበሮውን ቆልፎታል።

«የአደን ካምፑን ጥይት ሁሉ በእጄ የምሞላው እኔ ነኝ» አለ ኦርቪል። «እርሳሱን ቀለህ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ የቀለሁን አፍ ዙሪያውን አጠብቃለሁ። ካልጠበቀ፣ ሽጉጡ በተራገጠ ቁጥር ያልተተኮሱት ጥይቶች እርሳስ ወደ ፊት ይሾልካል። ሁለቴ ተኮሰ። ሦስተኛው ላይ ከበሮው አልዞር አለው። ድቡም...» አልጨረሰውም።

«ይህን ማን አይቷል?»

«እኔና እግዚአብሔር። እንግዳችን ሚስተር ፕሬንቲስ ዛፍ ሥር ያስመልሰው ነበር። ሽጉጡን ከዌይድ እጅ አውጥቼ ወዲያው ጠቀለልኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ ዴሊያ ከእኔው አፍ ትስማው ብዬ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «ያ ትናንት ነው። ዛሬ አቃተኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች። እባክሽ ሳጅን፣ ሳትደርስ ካቴናውን አድርጊልኝና ውሰጂኝ።»

ሎርና ሽጉጡን ወስዳ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«አሥራ አንድ ሰዓት ገና ነው» አለች። «ከአጠገቤ አይራቁ። ዝም ብለው ያዳምጡ።»

ካምፑ የሽጉጥ ካምፕ ነው። ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ አዳኝ አይቀበልም፤ አስጎብኚዎቹም የቆሰለ ድብ ተከትለው ጥሻ የሚገቡት በሽጉጥ ነው። ኩራታቸው ይኸው ነበር። ሰኞ ምሽት ፕሬንቲስ አንድ ትልቅ ድብ አቁስሎ ለቀቀ። ማክሰኞ ጠዋት ዌይድ ሊጨርሰው ጥሻ ገባ፤ ኦርቪልና ፕሬንቲስ ዳር ቆመው ጠበቁ። ሁለት ተኩስ ተሰማ፤ ከዚያ ምንም።

ፕሬንቲስ ከከተማ የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ወፍራምና ድምፀ ትልቅ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ነግሬው ነበር!» አለ ሳጅኗ እንደተቀመጠች። «አርባ አራት ለድብ? አርባ አራት መጫወቻ ነው! የእኔን ባለ አምስት መቶ ሽጉጥ ውሰድ ብዬ ለምኜዋለሁ። ካሊበሩ ትንሽ ስለሆነ ነው የሞተው፤ ሌላ ምንም የለውም።»

«የእርስዎ አምስት መቶ ድቡን ያቆሰለው የት ላይ ነው?»

«ትከሻው ላይ።»

«እና ሄደ?»

ኦርቪል አልቻለም፤ ጣልቃ ገባ። «ሚስተር ፕሬንቲስ ጥይቱን እንዲቀይር ለምኜው ነበር። አፍንጫው ክፍት የሆነው ጥይት ለአጋዘን ነው፤ ድብ ቆዳ ላይ እንደ አበባ ይፈነዳና ይቆማል። ድብ የሚፈልገው ጠንካራ፣ ከባድ እርሳስ ነው፤ አጥንት ሰብሮ የሚያልፍ። የካሊበር ቁጥር ብቻ ድብ አይጥልም።»

«አውቃለሁ» አለ ፕሬንቲስ አንገቱን ደፍቶ። «ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ድቡን ማን አገኘው?» አለች ሎርና።

«ሮይስ ነዋ። ሰኞ ጠዋት በአውሮፕላን አዙሮ ከላይ አሳየኝ፤ ምሽቱን ሄደን ተኮስኩ። ዌይድ ሲሰማ አበደ። በበረሩበት ቀን መተኮስ ክልክል ነው አለ። በረንዳው ላይ 'ሦስተኛህ ነው፣ ከዚህ በኋላ አልደብቅልህም' ሲለው ሰምቻለሁ። እኔ መከልከሉን አላውቅም ነበር፤ እምላለሁ።»

ሮይስ የዌይድ ሸሪክ ነው። ቤት አልባ ሆኖ በአሥራ ሰባት ዓመቱ እዚህ ካምፕ ሲደርስ፣ ኦርቪል ነበር ጥይት መሙላት ያስተማረው፤ አሁን ሠላሳ ስምንት ሆኖታል። ጉልበቱን በጨርቅ አስሮ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ከራሱ በላይ በገዛ እጁ የሠራቸው ትንንሽ ዓሣ የሚመስሉ የማጥመጃ ብረቶች ተንጠልጥለዋል፤ እያንዳንዳቸው ቀይ ዓይን ተቀብተዋል።

«ጥሻ የመግባቱ ተራ የማን ነበር?» አለችው።

«የእኔ። ጉልበቴ ከዳኝ። ዌይድ 'ተወው፣ እኔ እገባለሁ' አለ። እኔ ነበርኩ መሞት የነበረብኝ።» እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እዚሁ ሆኜ ሁለቱን ተኩስ ሰማሁ።»

«ምን መሰለህ?»

«ምን ይመስለኛል...» ወደ ኦርቪል አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳጅን፣ አባባ ላይ አትጨክኚበት። እጁን አይተሽዋል። ሳይጠብቅ ያመለጠ ጥይት ማንም ላይ ይደርሳል።»

ኦርቪል ሰማው። ይህ ልጅ ዛሬም ይከላከልለታል። ሳጅኗ ግን መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ሮይስን ለአፍታ ተመለከተችውና ተነሣች።

ቤቱ ጥግ ወደሚገኘው የኦርቪል መሥሪያ ጠረጴዛ ሄዱ። «መጥበቁን በምን ያውቃሉ?» አለችው።

«አጥብቄ ስጨርስ የቀለሁን ቂጥ በቀይ ኩቴክስ አከብበዋለሁ። ቀይ ያለው የተጨረሰ ነው።» ከደረት ኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። «የባለቤቴ ነበር። ከኪሴ አይወጣም። የሾለኩት አራቱም ቀይ አላቸው፤ አይደል? ሳላጠብቅ ቀባኋቸው ማለት ነው። ረሳሁ ማለት ነው።»

«ቀርበው አይተዋቸዋል?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው እነዚህን ይቀቡልኝ።» ስድስት ባዶ ቀለሆች ደረደረችለት።

ከዚህ የባሰ ውርደት አልነበረም። እጁን ከኪሱ አወጣ። ብሩሹ ተንቀጠቀጠ፤ ቀለሙ ከክቡ አልፎ ወደ መሃል ፈሰሰ፣ በጎን ተንጠባጠበ። ስድስቱንም እንደዚያው አበላሻቸው። ቀና ሲል ሳጅኗ የዌይድን ጥይቶች ሳጥን ከፍታ በጣቷ እየነካች ትቆጥር ነበር። ቆጥራ ጨረሰችና እንደገና ጀመረች።

«አደን የተከፈተ ዕለት፣ እሑድ፣ ምን እንዳደረጋችሁ ይንገሩኝ» አለች።

ነገራት። ስትሰማ ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሎርና ሽጉጡን፣ አራቱን ጥይቶችና ሳጥኑን መሃል ላይ አኖረች። ኦርቪል የግድግዳውን ሰዓት ብቻ ያይ ነበር። አንድ ሰዓት ቀረው።

«ከእሑድ ልጀምር» አለች። «ይህ ካምፕ ልማድ አለው። አደን ሲከፈት እያንዳንዱ አስጎብኚ ሽጉጡን ሞልቶ፣ ሁላችሁም እያያችሁ ሁለት ይተኩሳል። የቀሩት አራት እርሳሳቸው አለመንቀሳቀሱ ይለካል። ያልተነቃነቁት አራቱ የተፈተኑ ናቸው፤ ከበሮው ውስጥ ይቆያሉ። ሁለት ብቻ ይተካሉ። ዌይድም እንዲሁ አደረገ?»

«ለክቻቸዋለሁ» አለ ፕሬንቲስ። «የመለኪያ ካሊፐሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፀጉር ታህል አልተንቀሳቀሱም።»

«ስለዚህ ዌይድ ጥሻ ሲገባ ከበሮው ውስጥ አራት የተፈተኑና ሁለት ያልተፈተኑ ነበሩ። ሁለት ተኮሰ። የተኮሳቸው ሁለቱም ከተፈተኑት ናቸው ብንል እንኳ፣ ከቀሩት አራት ሁለቱ የተፈተኑ መሆን አለባቸው። አሁን እዩ፤ አራቱም ሾልከዋል። እሑድ ያልተነቃነቀ ጥይት ማክሰኞ አይሾልክም። እነዚህ የእሑዶቹ አይደሉም።»

ኦርቪል ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ አነሣ።

«እንግዲያው ሌላ ስድስት ሞላሁ ማለት ነዋ» አለ በደካማ ድምፅ። «ሞልቼ ረሳሁ።»

«አባቴ፣ አሁን ቀርበው ይዩዋቸው።» አንዱን ጥይት ገልብጣ አቀረበችለት። ቀዩ ክብ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ እንደ ቀለበት የተስተካከለ ነበር። ከጎኑ ቅድም የቀባቸውን ስድስት አደረገች። «ይህን የቀባ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም። ቀለሙም ኩቴክስ አይደለም። የሳጥኑን ጥይቶች በኩቴክስ ማስለቀቂያ በራሰ ጥጥ ስነካቸው ጥጡ ቀላ። እነዚህን ደጋግሜ አሸኋቸው፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ ቀረ። እንደ ብርጭቆ የሚደርቅ፣ ወንዝና ድንጋይ የማያስለቅቀው ቀለም ነው።»

ፕሬንቲስ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ቀይ ዓይን ያላቸው ብረቶች በነፋሱ ይወዛወዙ ነበር።

«ቀለም የትም ይገኛል» አለ ሮይስ። «ይሄ ምን ያረጋግጣል?»

«ብቻውን ምንም። ሳጥኑ ግን ሃምሳ ቀዳዳ አለው፤ እሑድ ሙሉ ነበር። እሑድ ዌይድ ስድስት ወሰደ፣ ከዚያ ሁለት ተካ። ስንት መቅረት አለበት?»

«አርባ ሁለት» አለ ኦርቪል።

«አርባ ስምንት ነው ያለው። አንድ ሰው ሰኞ ከእራት በኋላ፣ የዌይድ ቀበቶ ምድጃው አጠገብ ተሰቅሎ ሳለ፣ ያልጠበቁትን ስድስት ከበሮው ውስጥ ከተተ፤ ደኅናዎቹን ስድስት ደግሞ በየቀዳዳቸው መለሰ። ከተመለሱት አራቱ እርሳሳቸው ላይ የእሑዱ ተኩስ ጥላሸት አለባቸው። ሳጥን ውስጥ የተኛ ጥይት ጥላሸት ከየት ያመጣል?»

ሮይስ ጉልበቱን አሸ። ሎርና ወደ እሱ ዞረች።

«አሁን የመጨረሻው። ሚስተር ፕሬንቲስ ሁለት ተኩስ ሰምቶ ካሊበሩ አነሰ አለ። ከበሮው መቆለፉን ያላየ ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው። ሽጉጡን ያየነው ኦርቪልና እኔ ብቻ ነን። አንተ እዚህ ጉልበትህን አስረህ ተቀምጠህ፣ ማንም ሳይነግርህ፣ ስለ ምን አወራኸኝ? ሳይጠብቅ ስላመለጠ ጥይት።»

ምድጃው ውስጥ እንጨት ተሰነጠቀ። ሮይስ አንገቱን ደፋ።

«ፈቃዴን ሊያስነጥቀኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ከዚህ ሌላ ቤት የለኝም። ጉልበቴ ምንም አልሆነም፤ ድቡ ገደለው ይባላል ብዬ ነው። ቢበዛ... ቢበዛ አባባ ረሳ ይባላል።»

ኦርቪል ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። ሊመታው የፈለገ መስሎት ፕሬንቲስ ክንዱን ያዘው። ሽማግሌው ግን የጠየቀው ሌላ ነገር ነበር።

«ደኅናዎቹን ስድስት ለምን ወንዝ ውስጥ አልጣልካቸውም? ብትጥላቸው ኖሮ ማን ያውቅብህ ነበር?»

ሮይስ ቀና አለ። ፊቱ በአንድ አፍታ ወደ አሥራ ሰባት ዓመት ልጅነቱ የተመለሰ መሰለ።

«አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ፣ አባባ? የተሞላ ጥይት አይጣልም፤ ወደ ቀዳዳው ይመለሳል። እጄ እንቢ አለኝ።»

ሳጅኗ ካቴናውን አወጣች። ኦርቪል ከዚያ ወዲያ አልሰማም። በረንዳው ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ጸለየ ለማለት ይከብዳል፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። በደሉ የእሱ አልነበረም። ግን ዌይድ ያው ሞቷል፤ የገደለውም በዚያ ጠረጴዛ ያሳደገው ልጅ ነው። የትኛው ሐዘን እንደሚብስ አላወቀም።

ከተራራው ጀርባ የሞተር ድምፅ መጣ።

ሎርና ከኋላው መጥታ ቆመች። «እኔ ልንገራት?»

«አይሆንም» አለ። «ከእኔ አፍ ትስማው።»

ወደ መድረኩ ወረደ። አውሮፕላኗ ውሃውን ሰንጥቃ ቀረበች፤ በሩ ተከፈተና ዴሊያ ዓይኗ አብጦ፣ መውረጃውን በእግሯ እየፈለገች ብቅ አለች። ኦርቪል ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልደበቀውም፤ እሷም አጥብቃ ይዛው ወረደች።