ቆሜ ሳለሁ የቀረበችኝ ሣጥን

እኔ ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ አስጎብኚ ነኝ፣ ይኼ ማለት ተአምር እሸጣለሁ እንጂ አልገዛም፤ እንግዳ ፊት ቆሜ መላእክት ሌሊት ሌሊት ድንጋይ ይጠርቡ እንደነበር ሳወራ ምላሴ አይያዝም፣ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ስንቀመጥ ግን ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚለውን ሰው በሳቅ የማሳፍረው እኔው ነበርኩ። «ነበርኩ» ነው ያልኩት። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ የሚደርስበት ሰው ዕድለኛ ነው፣ ጨለማው ነው ብሎ ይገላገላል፣ እኔን ያገኘኝ በምሳ ሰዓት ነው፣ ያውም እመኑኝ፣ ጠላ እንኳ ሳልቀምስ።

ነገሩ የጀመረው በጨዋታ ነው። ፈረንጆች ጂኦካሺንግ የሚሉት የትልልቅ ሰዎች ድብብቆሽ አላቸው፤ መንገድ ዳር ትንሽ ሣጥን ይደብቁና ያለችበትን ቦታ ኢንተርኔት ላይ ያወጡታል፣ ሌላው በጂፒኤስ እየተመራ ይፈልጋታል፣ ያገኛት ሰው ውስጧ ባለችው ደብተር ስሙን ጽፎ እዚያው መልሶ ይደብቃታል፣ በቃ፣ ለዚህ ነው ባሕር አቋርጠው የሚመጡት። ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመት ቆይቶ ፒተር የሚባል ሽማግሌ እንግዳዬ፣ ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው የተራራ መንገድ፣ ተሳላሚውም በቅሎውም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ብስክሌተኛው በሚጋራው መንገድ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ከበቀለበት ጫካ በላይ ባለ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣጥን ደበቀ። እኔን ጠባቂ አድርጎ ሾመኝ፣ አሮጌ ጂፒኤሱንና ብስክሌቱንም ትቶልኝ ወደ አገሩ ሄደ።

በዓመቱ ሁለት እንግዶች ሣጥኗን ፈልገው መጡ፣ ያን ቀን ጓዛቸውን የጫነችውን በቅሎ የሚስበው አባቴ ነበር። አባዬ ፊደል የቆጠረው ሽበት ካወጣ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው፣ ቢሆንም እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ያፍርና ቀበሌም ሆነ ዕድር ሲጠሩት አውራ ጣቱን ነበር የሚሰጠው። እንግዶቹ ስማቸውን ከጻፉ በኋላ ደብተሯን ለእሱም ዘረጉለት።

«አባዬ፣ ስም ይጻፍ ነው የሚሉት» አልኩት።

«ስም ተጽፎ ተራራ ላይ እሚቀመጠው ለጸሎት ነዋ!»

«ኧረ ለጨዋታ ነው!»

«በሰው ስም ይጫወታል እንዴ? በል አምጣው» አለና፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ አያሌው የሚለውን ትቶ ስመ ክርስትናውን፣ ወልደ ኪሮስ ብሎ ጻፈ፣ ለጸሎት የሚሰጠው ስመ ክርስትና ነዋ። እኔ በሳቅ ሞትኩ፣ ቤት እስክንገባ ስቀልድበት መጣሁ፣ እሱም አብሮኝ ሳቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ አባዬ አረፈ። አርባውን ባወጣን በሳምንቱ እናቴ ጠራችኝና፣ «ሞገሴ፣ ያ አባትህ የጻፈበት ደብተር አለ?» አለችኝ።

«አለ፣ ምነው?»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር የእጁን ጽሕፈት አላየሁም። ማንበቡንስ አልችልበት፣ ብቻ በጣቴ ልዳስሰው።»

ሐፍረት ያዘኝ፤ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ሳይ፣ ሁለት ብስክሌተኞች ሣጥኗን ፈልገው «የለችም» ብለው ጽፈው ነበር፣ እኔ ጠባቂ ተብዬው ደግሞ ዓመት ሙሉ ዘወር ብዬ አላየኋትም። የአባዬ እጅ ያረፈባት አንዲት ወረቀት በእኔ ስንፍና ልትጠፋ ነው ብዬ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ማልጄ በብስክሌት ወጣሁ፣ ከጋለብኩት የገፋሁት ይበዛል። መስከረም ቢጠባም ክረምቱ እግሩን አላነሳም ነበርና፣ ከአስታው በላይ ስደርስ ጉሙ ወርዶ የራሴን የፊት ጎማ ማየት አቃተኝ። ብስክሌቱን ድንጋይ አስደግፌ ስንጥቋን በዳበሳ አገኘኋት፣ እጄን እስከ ክንዴ ሰደድኩ፣ ባዶ። ምን ይደበቃል፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ምናልባት ስንጥቋን ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ጂፒኤሱን አበራሁ፣ «ለሣጥኗ ስድሳ ሜትር ይቀርሃል» አለኝ። ቦታውን ግን አልተሳሳትኩም፣ የፒተር የቀለም ምልክት ድንጋዩ ላይ አለ፤ ገደል ሥር ሳተላይቱ ይሳሳታል ብዬ ዝም ብዬ ቆምኩ። ሃምሳ ሁለት አለ። እግሬን አላነሳሁም፣ በእናቴ ስም፣ አላነሳሁም፤ አርባ አራት አለ። መሣሪያው አብዷል ብዬ ላጠፋው ስል ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቋ፣ መቋሚያ ድንጋይ ሲነካ እንደዚያ ነው የሚለው። ሠላሳ አንድ። ከመቋሚያው ጋር ማጉረምረም መጣ፣ ደስ አለኝ፣ የይምርሐነ መነኩሴ መንገድ ላይ ነው፣ እጠይቀዋለሁ አልኩ።

ሃያ ሜትር ሲል ቃሉ ተለየልኝ። «ተዘከር እግዚኦ» ይላል፣ አቤቱ አስብ ማለት ነው፣ ቀጥሎ ስም ይጠራል፣ «ፒተር»። በግዕዝ ዜማ ፒተር ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። «ክላራ» አለ፣ «ሀንስ» አለ፣ ሌሎችንም አለ፣ ያን ጊዜ ግን ሳቄ ጠፋ፣ ደብተሯ ላይ በተጻፉበት ተራ ነው የሚጠራቸው። ዘጠኝ ሜትር። የአባዬ ድምፅ አይደለም፣ ይኼን ልንገራችሁ፣ የማውቀው ሰው ድምፅ አይደለም፣ ሽማግሌም ወጣትም አይመስልም፣ ብቻ የማይቸኩል ድምፅ ነው። «ወልደ ኪሮስ» አለ። የአባዬ ስም የደብተሯ መጨረሻ ነው፣ አሁን ያበቃል ብዬ ስጠብቅ፣ «አምኃ ኢየሱስ» አለ፣ በሕይወቴ የማላውቀው ስም። ሦስት ሜትር። ሊቀጥል ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት፣ እኔ ግን ፍርሃቱ በረታብኝና «ማነው? አባቴ፣ ይባርኩኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ዝም አለ።

ጉሙ ገለጥ ሲል ሣጥኗ ከብስክሌቴ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ ክዳኗ ተከፍቷል፣ ድንጋዩ በካፊያ ርሷል፣ ደብተሯ ግን ደረቅ ናት፣ በአባዬ ገጽ ላይ ተገልጣ። ከወልደ ኪሮስ በታች አንዲት ፊደል የለም። ጭቃው ላይ ከእኔ ጫማና ከጎማው በቀር ዱካ አላየሁም።

እናቴ ወረቀቷን ስታገኝ በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰቻት፣ «ጠማማ ነው አይደል?» አለች፣ «በጣም» አልኳት፣ ተሳሳቅን፣ ከለቅሶው ወዲህ ስትስቅ የዚያን ቀን ነው ያየኋት። የነፍስ አባታችን ቄስ ምሕረት ዘንድም ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው፣ የመጨረሻውን ስም ብቻ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዋጥ አደረግሁት።

«ስም ጽፋችሁ ተራራ ላይ ታኖራላችሁ፣» አሉኝ፣ «ተራራው ባዶ መሰላችሁ?»

«ለሕያዋን ነው ለሙታን የሚያነበው፣ አባቴ?»

«ተዘከር ለሁለቱም ይባላል። ስሙ ሁሉ ተጠርቶ ሲያበቃ የሚመጣው ነው እሚለየው፤ ለመንገደኛ በሰላም አግባው ይባላል፣ ላረፈ ነፍሱን አሳርፍ ይባላል። ሰማኸው?»

«ጮህኩበት።»

መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ባለቤቴ ብርቄ፣ በተጋባን በስድስተኛ ዓመታችን፣ ወንድ ልጅ ወለደችልኝ፤ ወሩን ወደኋላ ስንቆጥር እኔ ጉም ውስጥ በቆምኩበት ሰሞን ፅንሱ የቀናት ነበር፣ እሷም ራሷ አላወቀችም። በአርባው ቀን ክርስትና ሲነሳ ቄስ ምሕረት ከውኃው አወጡትና፣ «ስሙ አምኃ ኢየሱስ ይሁን» አሉ። እናቴ እልል አለች፣ እኔ ግን ስሙን እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው። በኋላ «ማን ነገርዎት?» ብላቸው፣ «ማን ይነግረኛል፣ አፌ ላይ መጣ» አሉኝ።

ልጄ ዛሬ እኔን በቁመት ሊደርስብኝ ነው፣ ጤነኛ፣ ሳቂታ፣ ያችኑ ብስክሌት የሚጋልብ፤ ሣጥኗንም የሚጠብቃት አሁን እሱ ነው። እኔም ደስተኛ ሰው ነኝ፣ ይኼን አልደብቅም፣ አምላክ የሰጠኝ ይበቃኛል። ግን ልጄ ወደ ተራራው በወጣ ቁጥር ያች የተሳበች ትንፋሽ ትመጣብኛለች፣ ምነው አፌን በያዝኩ፣ አንዲት ቃል ብታገሥ እኮ እሰማው ነበር እላለሁ። እና እኔ፣ ተአምር የማልገዛው ሰውዬ፣ የብስክሌቱን ቃጭል ከመንገዱ ጥግ እስክሰማ በር ላይ ቆሜ፣ «ተዘከር እግዚኦ፣ አምኃ ኢየሱስን» እልና የመንገደኛውን እራሴ እጨርስለታለሁ፣ በሰላም አግባው።