ስንት ያቀርባል?

ሦስቱ የጠመንጃ መነጽሮች በሱቁ ባንኮኒ፣ ዘይት በጠገበ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል።

ፀዳለ እጇን አልዘረጋችም። ጀማሪ ቶሎ አይነካም፤ መጀመሪያ ይፈራል። ያሠለጠኗት ሰዎች እንዲህ ነበር ያሏት።

ሮቤ ላይ የሚያውቋት ሁሉ የስፖርት አስተማሪ ናት ይላሉ። ፀዳለ የሚለው ስም እንኳ የእሷ አይደለም። ትእዛዝ በሚመጣበት ስልክ ላይ «ገብስ» ናት። አዛዧ «ወይራ» ይባላል። የምታሳድደው ሰው ደግሞ «ቀበሮ»። ቀበሮ በርካሽ የኢላማ መነጽሮች ካርቶን ሥር ጥይትና ጠመንጃ ያስገባል። ፊቱን ያየ የለም።

ከኦቦ ሙለታ በቀር።

ኦቦ ሙለታ የኮምባይነር መለዋወጫ ይሸጣሉ። በወጣትነታቸው የኢላማ ተኳሽ ነበሩ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎባ በላይ ባለው የድንጋይ ካባ ለጥቂት ሰዎች ተኩስ ያስተምራሉ፤ ለተማሪዎቻቸውም መነጽር ያስመርጣሉ።

«ይኼ ሃያ አራት እጥፍ ያቀርባል» አሉ ትልቁን እየገፉላት። «ጀማሪ ሁሉ እሱን ነው የሚያነሳው።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«በዚህ ዋጋ? መስታወቱ ጨለማ ነው። ደመና ሲመጣ ኢላማው ይጠፋብሻል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ሁሉን ነገር እንደ ውሃ ያንቀጠቅጥብሻል። የቀረበ ሁሉ የሚታይ እንዳይመስልሽ፣ ኢንተላ ኮ።»

ልጄ ማለታቸው ነው። ለሁሉም ሴት ተማሪ እንዲያ ይላሉ። ፀዳለ ግን ቃሉን በሰማች ቁጥር ዓይኗን ታሸሻለች።

መካከለኛውን አነሳች። ከአራት እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ የሚያቀርብ፣ ጌጥ የሌለው ጥቁር መነጽር። ሳታስበው ሞርሳው ላይ አሰረችው። በውስጡ ያለውን መስቀል ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ጋር አገጣጠመች። ማስተካከያውን ሃያ ጊዜ ቀጭ እያደረገች ወደ ላይ አዞረች። ሃያ ወደ ቀኝ። ሃያ ወደ ታች። ሃያ ወደ ግራ።

መስቀሉ ሚስማሩ ላይ ተመለሰ።

ሦስተኛውንም እንዲሁ ሞከረችው። እሱ ሄዶ አልተመለሰም፤ ከሚስማሩ ጣት ያህል ራቀ።

«መካከለኛውን እወስዳለሁ» አለች።

ኦቦ ሙለታ አንዴ ሚስማሩን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ መነጽሩን በጋዜጣ ጠቀለሉላት።

ቅዳሜ ካባው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሌሎቹ ተማሪዎች ራቅ ብለው ተራ ይጠብቃሉ። እሳቸው ዓይናቸውን ከኢላማው ሳያነሱ በዝግታ ጠየቁ።

«ማነው የላከሽ?»

ጣቷ ከምላጩ ወጣ።

«ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹ስንት ያቀርባል?› ብሎ ነው። የሚገዛው ስንት እንደሚያቀርብ ሳይጠይቅ ከእኔ የወሰደ ሰው የለም። አንቺ ግን መስቀሉ ወደ ቦታው የሚመለስ መሆኑን አየሽ። ያን የሚያይ ብዙ የተኮሰ ሰው ነው።»

«ኦቦ ሙለታ፣ እኔ…»

«አትንገሪኝ። ባላውቅ ይሻላል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድን ሰው መነጽር አምጣልኝ አልኩት፣ አመጣ። ከሥሩ ሌላ ሣጥን ነበረ። እንዳልከፍተው አስጠነቀቀኝ። ባለፈው ቆላ ላይ የሠርግ አጃቢዎች ሲመቱ ግን ከፈትኩት። የተመቱበት ጥይት በእኔ መጋዘን ያለፈ ነው። ከዚያ ወዲህ ምግብ አፌ ውስጥ አፈር ይሆናል።»

ፀዳለ ጠመንጃውን ምንጣፉ ላይ አስተኛች።

«ማክሰኞ ሳነቴ አምባ ላይ ዕቃ ያስረክበኛል። ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። እኔ አወርደዋለሁ። አንቺ በገዛሽው መነጽር ከኮረብታው ሆነሽ ፊቱን እይው። ባርኔጣዬን ሳወልቅ ፎቶ አንሺ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ዕቃ ተቀባይ ነኝ፣ ምን እሆናለሁ? በይ ተኩሺ። ደግሞ ትንሽ ሳቺ፤ እነዚህ ልጆች በአንቺ ምክንያት ተስፋ እየቆረጡ ነው።»

ሳተች። ተማሪዎቹ ሳቁባት። ኦቦ ሙለታም ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ሮቤ፣ ባጃጆች በሚርመሰመሱበት መንገድ ዳር፣ በስልኳ ለወይራ ደወለች።

«ገብስ ነኝ።»

«ቀጥይ።»

«ሽማግሌው ከእኛ ጋር ነው። ማክሰኞ፣ ሳነቴ። ቀበሮን ከመኪና ያወርደዋል።»



«ጎበዝ። አንቺ ከሮቤ እንዳትወጪ። የሚያይ ሌላ ሰው እልካለሁ።»

«ሽማግሌው አይነካም?»

«ቃሌ ነው።»

እሺ አለች። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሳነቴ ላይ ነበረች። ከኮረብታው አያለሁ ብላ የተስማማችው ከወይራ ጋር ሳይሆን ከኦቦ ሙለታ ጋር ነው።

አንድ ረጅም የጅብራ ተክል ሥር ደረቷን ምድር አስነክታ ተኛች። ጠመንጃ የላትም። ያላት መነጽሩና ስልኳ ብቻ ነው። ጉም መጣ፣ ሄደ። ከታች ኦቦ ሙለታ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ያፋትጋሉ።

ነጭ ፒክአፕ ደረሰ።

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ሄዱ። አንድ ነገር ተናገሩ፣ ወደ ጎማው አመለከቱ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ሰውዬው ወረደ። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው።

ያን ትከሻ ታውቀዋለች። አዲስ አበባ ላይ ለዚህ ሥራ ሲመርጣት ከፊቷ ተቀምጦ ነበር።

ዞረ።

ወይራ።

ቀበሮና ወይራ አንድ ሰው ናቸው። የኦቦ ሙለታን ምስጢር ለቀበሮ የነገረችው እሷ ናት፤ በራሷ አፍ፣ መንገድ ዳር ቆማ።

ኦቦ ሙለታ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ርቀቱ ስድስት መቶ ሜትር ይሆናል። ነፋሱ ከፊቷ ነው። ብትጮህ አይሰሙም፤ ብትሮጥ አትደርስም። ስልኩን መነጽሩ ላይ ደቀነች።

ፎቶውን አነሳች።

ወይራ እጁን ከካፖርቱ አወጣ።

ደግማ አነሳች።

ኦቦ ሙለታ እንደደከመው ሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ። የሽጉጡ ድምፅ ዘግይቶ ደረሰ።

መስታወቱ ጥሩ ነው። ጭላንጭሉን ሁሉ ይሰበስባል። ፊታቸውን አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠው፤ ሽበታቸው ነፋሱ ሲያነሳው ይታያል። እጇን ዘረጋች። የያዘችው ቀዝቃዛ ሣር ነበር።

ፎቶዎቹን የላከችው በመጀመሪያው ቀን ወደተሰጣት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደሚደወልበት ቁጥር ነው። ወይራ ሪራ ከምትባለው መንደር ሳይደርስ ተያዘ። ከዚያ ቁጥር የመጣው መልስ አጭር ነበር።

«ጥሩ ሠርተሻል። ዛሬውኑ ሮቤን ልቀቂ።»

«ቀብራቸው ላይ ልቁም።»

«ቤተሰብ አላቸው። አንቺ እንዳትታዪ።»

ፀዳለ የተሳፈረችበት የሻሸመኔ አውቶቡስ በመለዋወጫ ሱቁ ፊት አለፈ። ድንኳን ተተክሏል። የቅዳሜ ተማሪዎቹ ወንበር ያመላልሳሉ። አንዷ ቀና ብላ ወደ አውቶቡሱ አየች። ፀዳለ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና መስኮቱን ትታ ወደ ፊት አየች።

ከወራት በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ አንዲት ሴት ወደ አንድ ሱቅ ገባች።

«ለኢላማ ተኩስ ነበር» አለች። «ረከስ ያለ ካለ።»

ሻጩ ሦስት መነጽሮች ደረደረላት። መካከለኛው ጥቁር ነው፤ ጌጥ የለውም። ሴትየዋ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ወደ ኪሷ ከተተች፤ ትልቁንም በአገጯ ጠቆመች።

«ይኼ ስንት ያቀርባል?»

ሻጩ ፈገግ አለ።

«ጀማሪ ነሽ ማለት ነው።»

«አዎ» አለች።