የኪብዌ አራት ሰዓት

«ውሸታም!» ሙጂንጋ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ ስታሳርፈው ለሁለት ተሰበረ። «ይኸው! ከሉቡምባሺ ኪንሻሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት ስምንት መቶ ይበራል። ሁለት ሰዓት ይፈጃል! አንተ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተነሥቼ አራት ሰዓት ገባሁ ትለናለህ?»

«በሮኬት ነዋ የሄደው!» አለ ሞንጋ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ኪብዌ አባቱ በእረፍቱ ኪንሻሳ ወስዶት እንደመጣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራ ሰንብቷል። አሁን ግን «አራት ሰዓት ነው የተገባው፣ በቃ» ከማለት በቀር አልተነፈሰም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሙ ሮኬት ሆነ። ሙጂንጋን ቅንጣት አልቆጫትም። የዋሸ ሰው ምን ሊባል ኖሯል?

አመሻሽ ላይ ቡካሪዋን፣ ያንን ጠንካራ የበቆሎ ገንፎ፣ በዓሣ ወጥ እያጠቀሰች፣ «ማማ፣ ኪንሻሳ አጎቴ ጋ ልደውል?» አለች።

«ምን ያስቸኩልሻል? እነሱ ጋ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ከሥራ አልወጣም።»

የግድግዳው ሰዓት አሥራ ሁለት ይላል። ሙጂንጋ የጠቀለለችው ቡካሪ እጇ ላይ ቀረ። አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር ኪንሻሳ ደውላ «እናንተ ገና አሮጌው ዓመት ላይ ናችሁ!» እያለች አጎቷን የምታበሽቀው እሷው አይደለችም እንዴ? ታዲያ ሰሌዳው ፊት ስትቆም ያ ሁሉ የት ገባ? ሦስት ሰዓት ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ከበረረ፣ በእኛ አምስት፣ በእነሱ አራት!

በማግስቱ ኪብዌን በር ላይ ጠበቀችው። «ልክ ነበርክ! ለሁሉም እነግራቸዋለሁ።»

«ተዪው።»

«ለምን እተወዋለሁ? ሄደህ እያለ...»

«አልሄድኩም።» አንገቱን ደፋ። «አባዬ እወስድሃለሁ ብሎኝ ብቻውን ሄደ። እኔ የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጋ ቆሜ ነው የሸኘሁት። ሲያርፍ ደውሎ ‹አራት ሰዓት ገባሁ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም።»

ሙጂንጋ ዞረባት። ልጁ በእርግጥ ዋሽቷል፤ ውሸቱን ያጋለጠችበት ሒሳብ ግን ራሱ ስህተት ነው። ታዲያ ይቅርታ የሚጠይቀው ማን ነው? ልትቆጣ ፈለገች፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ጠፋት። በሱ? በአባቱ? በራሷ?

ክፍል ስትገባ ሰሌዳው ላይ ሮኬት ተስሎ አገኘችው። በመዳፏ ጠረገችው።

«የኪንሻሳ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ረስቼው ነው» አለች። «ሦስት ሰዓት የተነሣ አውሮፕላን በእነሱ አራት ሰዓት ይገባል።»

«እና ሮኬት እውነትም ሄዷል?» አለ ሞንጋ።

ኪብዌ ጥፍሩን መብላት ጀመረ። ሙጂንጋ በጠመኔ የነጣ መዳፏን አራገፈች።

«ሒሳቡን ተሳስቼ ነበር፣ አሁን አረምኩት። ስሙ ደግሞ ኪብዌ ነው።»

ቦርሳዋን ከፊት ወንበር አንሥታ ወደ ኋላ፣ ኪብዌ ወደተቀመጠበት ሄደች። አለመሄዱን አለመናገሯ ራሱ ውሸት ይሁን አይሁን አላወቀችም። «ጠጋ በል» አለችው።